ፍሬም የሚጠላው ጋሽ ግቡበት

ሰውዬው እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ ግን ማንም አይጠራበትም። ሰፈሩ "ግቡበት" ይለዋል፤ ትንሽ የሚያከብረው ደግሞ "ጋሽ ግቡበት"። ስሙን ያመጣበት የገዛ አፉ ነው። ፎቶ ቤቱ የመጣ ሰው ያችን የእንጨት መመልከቻ አንስቶ ዓይኑ ላይ ሲደግን፣ ከጀርባው ቆሞ ይጮህበታል፦ "ምን ከደጅ ቆማችሁ ታጮልቃላችሁ? ግቡበት! ግቡበት እንጂ!" ደንበኛው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም ያው "ግቡበት" ነው፤ ሲጮህ አንድና ብዙ አይለይም።

መመልከቻዋ ውስጥ አንድ ካርቶን ይገባል። ካርቶኑ ላይ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል፤ አንዱን ግራ ዓይን፣ ሌላውን ቀኝ ዓይን ያየዋል። ፎቶዎቹ የተነሱት ሁለት ሌንስ ባለው ካሜራ፣ ባንዴ፣ ልክ እንደ ሰው ዓይን ትንሽ ተራርቀው ነው። ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ሲያያቸው ያ ጠፍጣፋ ወረቀት ይከፈታል። ወንበሩ ወደፊት ይወጣል፣ ግድግዳው ወደኋላ ይሸሻል፣ በመሃል አየር ይገባል። አንዳንዱ እጁን ዘርግቶ ሊነካ ይሞክራል። ያኔ ግቡበት ሆዱን ይዞ ይስቃል። በሌላ ነገር ሲስቅ ያየው ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

መቆጣት ግን ያውቅበታል። ሻይ ቀዘቀዘ ብሎ ይቆጣል፣ ዝናብ ዘነበ ብሎ ይቆጣል። ከሁሉ ከሁሉ ግን ደሙን የሚያፈላው ፍሬም ነው። "ፍሬም ውሸት ነው!" ይላል። "አራት እንጨት ገጥመህ 'ዓለም እዚህ ጋ አለቀች' ትለኛለህ? ከእንጨቱ ወዲያ ያለውን ማን በላው?" ተራ ፎቶ አንሺዎችን ደግሞ "አንድ ዓይናዎች" ነው የሚላቸው፤ በሐሜት ሳይሆን ፊት ለፊታቸው። "አንድ ዓይና ያነሳውን አንድ ዓይና ይየው! ሰው ሁለት የተሰጠው በከንቱ ነው እንዴ?"

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። የዚህ ሰው ሚስት ሙያዋ ፍሬም መሥራት ነው።

ፎቶ ቤቱ ከመንገዱ በኩል ነው፤ የእሷ ሥራ ቤት ከጓሮ በኩል። ቀኑን ሙሉ መጋዟ ሲንጫጫ፣ ሙጫዋ ሲሸት፣ ሰጋቱራው በበሩ ስር እየገባ የእሱን ፊልም ሲያለብስ ይውላል። የፍሬም ማዕዘን አገጣጠሟ ጥፍር አያስገባም። ሰው የሟች አባቱን ፎቶ፣ የልጁን የምረቃ ፎቶ ይዞ ከሩቅ ሰፈር ይመጣል። ባልየው በዚያ ሲያልፍ "እስረኛ ጨመርሽ?" ይላታል። እሷም ቀና ሳትል "አዎ፤ ያንተ ደግሞ ሁሉም አምልጦ በየሜዳው ይዞራል" ትለዋለች።

አንድ ቀን የአውቶቡስ መናኸሪያውን አንስቶ አመጣላት። እሷ መመልከቻዋን አስጠግታ ብዙ ቆየች።

"የቱን ልይ?" አለችው።

"ሁሉንም!"

"ሁሉን የሚያይ አምላክ ነው። ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፍበት ይፈልጋል። ያቺን ሻንጣዋ ላይ የተኛችውን ሴት ብቻ ብታነሳት ኖሮ፣ ፊቷን ብቻ፣ ያ ሁሉ ድካም..."

"እሷን ብቻ ባነሳት ኖሮ ቦርሳዋ ውስጥ እጁን የከተተው ሌባ የት ሊገባልሽ ነው?"

ሴትየዋ ደግማ አየች። እውነትም ከኋላ፣ ምሰሶው ጥግ፣ የአንድ ጎረምሳ እጅ ቦርሳ ውስጥ ገብቷል። ሳቋ አመለጣት። "እሱን እንኳ ልክ ነህ" አለች፤ "ግን ሌባውን ስታነሳ ቆመህ አየኸው ማለት ነው፣ አንተ ጉደኛ።" እሱ ደግሞ ሲያነሳ አላየውም ነበር። ካሜራው ነው ያየው። የሚኮራበትም ይኸው ነበር፤ "እኔ አልመርጥም፣ እኔ በር ነው የምከፍተው" ይል ነበር።

በሩ የሚከፈተው በዋናነት ለአንድ ሰው ነው፤ ለታላቅ እህቱ። እትዬ ይላታል። እናትና አባታቸው በላይ በላዩ ሲሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥራ፣ ከተራ ሰፊነት ተነስታ የአዳራሹ ኃላፊ እስከመሆን ደርሳ፣ እሱን አስተምራና ድራ፣ አንድ ጠዋት ጣቃ ጨርቅ ተሸክማ ከደረጃ ወደቀች። ከወገቧ በታች ላለው አካሏ ያ ቀን የመጨረሻው ሆነ። ከዚያ ወዲህ በወንድሟ ቤት፣ ከፎቶ ቤቱና ከሥራ ቤቱ መሃል ባለችው ክፍል፣ መስኮቱ ስር ተኝታለች። እጆቿ ግን አሁንም የሰፊ እጅ ናቸው፤ ምላሷም የኃላፊ ምላስ ነው።

"ፍሬምማ እኔም አለኝ" ትላለች ወደ መስኮቱ እያመለከተች። "ይኸው፤ አንድ ግንብ፣ ግንቡ ላይ አንድ የመብራት ሽቦ፣ ሲያድለኝ አንዲት ድመት። ሌላ ፍሬም አታምጡብኝ። አስገቡኝ ነው የምላችሁ!"

እሱም ያስገባታል። ያንን ባለሁለት ሌንስ ካሜራ ተሸክሞ ገበያ ይሄዳል፣ ድልድይ ስር ይወርዳል፣ ፀጉር ቤት ይገባል። ሊያነሳ ሲል ሰው ከተፍ ብሎ ወለል ሊጠርግ፣ ዕቃ ሊያስተካክል ከሞከረ አበደ ማለት ነው። "ተወው! እንዳለ ተወው! እሷ የምትገባው እውነተኛው ቤት ነው፣ የእንግዳ ቤት አይደለም!" እትዬም ካርቶኑን ይዛ ትገባለች። ገብታም ትቆያለች፤ በየጥጉ ትዞራለች፣ መደርደሪያ ላይ ያለውን ትቆጥራለች። ስትወጣ መቼም ስድብ ሳትይዝ አትወጣም፦ "ያ ፀጉር አስተካካይ መስታወቱ ተሰንጥቋል በለው። ማበጠሪያውንስ በምን ድፍረቱ ነው ሰው ራስ ላይ የሚሰካው? ቆሻሻ!" ፊቷ ግን እንደዚያን ጊዜ በርቶ አይታይም።

አሁን ወደሚያናድደው ነገር ልምጣ። የግቡበት ግራ ዓይን ጠፋ።

ባንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ጠርዝ ጠርዙ ደብዘዝ አለ። አቧራ ነው አለ። ቀጥሎ የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት ነው አለ፣ ቀጥሎ የሚስቱ ሰጋቱራ ነው ብሎ ጠብ አነሳ። ሐኪም ቤት ከፎቶ ቤቱ በእግር የሚደረስ ነው፤ ሊሄድ አልፈለገም። አንድ ከሰዓት መመልከቻውን አንስቶ የገዛ ሥራውን ሊያይ ሲል ወረቀቱ አልተከፈተም። ወረቀት ሆኖ ቀረ። ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ከደነ፤ ምንም የለም። ፊልም የሚያጥብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ፣ ሲወጣም ያገኘውን የመጀመሪያ ሰው ሰደበ።

ለምን ለሰው አልነገረም? አንደኛው ነገር፣ ያ "አንድ ዓይና" የሚል ስድብ ነው። ስንቱን ሰው ሲያሸማቅቅበት ኖሮ አሁን ዞሮ እሱ ላይ ሊወርድ ነው፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። ሁለተኛው ደግሞ እትዬ ነች። በሩን የሚከፍትላት እሱ ነው፤ በር ከፋቹ ራሱ መግባት አቃተው ብሎ በምን አፉ ይንገራት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ግቡበት ይህን ተረት ያውቀዋል፤ ለሌላ ሰው ሲተርተው ሰምቼዋለሁ። ለራሱ ሲሆን ግን ጆሮው ተደፈነ። የዚህ ዓይነት ሰው አንጀቴን ነው የሚያሳርረኝ! የቀረው ዓይንስ? እሱስ ቢከተል? እንዲህ ብሎ ራሱን አልጠየቀም። ጠይቆም ከሆነ መልሱን ፈርቶ ትቶታል።

ሚስትየዋ አውቃለች። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው አጠገብ ያፈሰዋል። በግራ በኩል ያለውን የበር መቃን በትከሻው እየገጨ መቃኑን ይረግማል። አንድ ጊዜ "ዓይንህን ብትታይ..." ብላ ስትጀምር፣ ይዞት የነበረውን የፊልም ማጠቢያ ሳህን ወለል ላይ ወርውሮ "የኔ ዓይን ካንቺ መጋዝ ምን አለው!" ብሎ ጮኸባት። ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ሁለቱም እያወቁ፣ ሁለቱም እንዳላወቁ ይውላሉ።

እንዲህ እያለ የስፌት ፋብሪካው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ መጣ። እትዬ ሰማች።

"አዳራሼን አምጣልኝ" አለችው። "እንዳለ። ሴቶቹ ሳይበተኑ፣ መኪናዎቹ ሳይነሱ። ከሞትኩም አንዴ ገብቼበት ልሙት።"

"ምን ሞት ያስወራሻል!" ብሎ ተቆጣ፣ ካሜራውንም በዚያው ተሸክሞ ወጣ።

አዳራሹ ውስጥ መኪናዎቹ እንደተደረደሩ ነው፤ ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ይሰፋሉ፣ ብናኙ በመስኮት ብርሃን ውስጥ ይዋኛል። እትዬ ትቀመጥበት የነበረው የኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ባዶ ሳጥኖች ተቆልለዋል። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ፎቶ ሊነሳ ነው ሲባል ሳጥኖቹ እንዲነሱ አዘዘ። ግቡበት ፊቱ ቀላ። "አንዲት ክር እንዳትነሳ!" ብሎ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ፤ ሴቶቹ በጨርቅ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አነሳው።

ይህ ሁለት ሌንስ ያለው ካሜራ አንድ ክፉ አመል አለው። ፎቶው ታትሞ ሲወጣ የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ሆኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ወረቀቱን ከመሃል ቆርጦ ቦታቸውን አለዋውጦ መለጠፍ ግድ ነው። ያ ከተረሳ ጉድ ይፈላል፤ ቅርቡ ይርቃል፣ ሩቁ ይቀርባል፣ ነገሩ ሁሉ ውስጡ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ግቡበት ከለጠፈ በኋላ ሁልጊዜ በመመልከቻ አይቶ ያረጋግጥ ነበር። አሁን ያ የለም፤ አሁን የሚተማመነው በእጁ ልማድ ብቻ ነው።

ያን ቀን ቆርጦ፣ ሙጫ ቀብቶ፣ ሊያለዋውጥ ሲል ሚስቱ ገባች።

"አንድ ነገር ልለምንህ" አለችው። "የእትዬን ጠረጴዛ ብቻ ለይተህ ተለቅ አድርገህ አትምልኝ። ጥሩ ፍሬም ልሥራለትና አልጋዋ ፊት ለፊት እንስቀለው። ያንን ብቻ እያየች..."

"ያንን ብቻ?" ቱግ አለ። "ያንን ብቻ! ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ መስኮት ስታይ የኖረችውን ሴት ሌላ መስኮት ልትገጥሚላት ነው? ጠረጴዛዋ ነው የናፈቃት ያለሽ ማን ነው? ሴቶቹስ? ጫጫታውስ? ደጃፉስ?"

"ጫጫታ በፎቶ አይሰማም።"

"ለእሷ ይሰማታል! ላንቺ ነው የማይሰማሽ፣ ሰጋቱራ ጆሮሽን ደፍኖት!"

እየጮኸ ለጠፈው። ሳያለዋውጥ። ሚስቱ በሩን ወርውራ ስትወጣ መመልከቻውን አንስቶ አየ። ቀኝ ዓይኑ አንድ ጥርት ያለ የአዳራሽ ፎቶ አሳየው። ባንድ ዓይን ለሚያይ የተለዋወጠውም ያልተለዋወጠውም አንድ ነው። "ድንቅ" አለ ለራሱ፣ ወስዶም ሰጣት።

እትዬ ትራሷን አስደግፋ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ልክ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ሆና መመልከቻውን አነሳች። እሱ ከእግሯ በኩል ቆሞ ፊቷ እስኪበራ ጠበቀ። አልበራም። ከንፈሯ ተጣመመ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አዳራሽሽ ነዋ! ግቢበት!"

"በየት ልግባ? ግድግዳው መጥቶ ፊቴ ላይ ተለጥፏል! መኪናዎቹ ከግድግዳው ጀርባ ገብተዋል። ሴቶቹን... አምላኬ፣ ሴቶቹን ምን አደረግሃቸው? ፊታቸው ወደ ውስጥ ጎድጉዷል እኮ፣ እንደ ሳህን!" መመልከቻውን ከዓይኗ ነቅላ አልጋው ላይ ጣለችው። "ገልብጠህ ለጥፈኸዋል" አለች ቀስ ብላ።

"አልገለበጥኩም። አይቼዋለሁ።"

"አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ አልኩሽ!"

እትዬ ፊቱን አንድ ጊዜ አየችው። ከትራሷ አጠገብ ካለችው የስፌት ሳጥን ውስጥ መርፌና ክር አወጣች። "እስቲ ክር አስገባልኝ" አለችው።

"አሁን የመርፌ ሰዓት ነው?"

"አስገባልኝ።"

ተቀበላት። ክሩን ወደ መርፌው ዓይን ሲያስጠጋ ከፊቱ አለፈ። ሁለተኛ ሞከረ፤ ከኋላው አለፈ። ምራቁን ቀብቶ አሾለው፣ ደግሞ ሞከረ። እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ርቀቱ ነው የጠፋበት። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። በመጨረሻ መርፌውን ወለሉ ላይ ወረወረው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች እትዬ።

"ምኑ?"

"ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩህ፣ አንተ ድንጋይ ራስ!"

እሷ ወደ ሚስቱ ዞረች። "አንቺስ? አንቺም ዝም?"

"ብናገር ቤቱን በላዬ ላይ ያፈርሰዋል፣ እትዬ" አለች ሚስትየዋ፤ እንባዋ መጣ። "ያውቁት የለ።"

"ይፍረስ ነዋ! ቤት ይሠራል!" እትዬ በእጇ የገዛ ጭኗን መታች፣ የማይሰማትን ጭኗን። "ይሄን እኔ መርጬ አይደለም ያጣሁት። ደረጃ አዳልጦኝ ነው። አንተ በእግርህ ሄደህ ሐኪም ፊት መቀመጥ ስትችል፣ በኩራት ዓይንህን ታወጣለህ? የቀረውንስ? እሱንም ለኩራትህ ልትገብረው ነው? ስማኝ፤ ሐኪም ዘንድ ሄደህ እስክትመጣ ካንተ እጅ አንዲት ፎቶ አላይም። አዳራሼንም አላይም። ይቃጠል!"

እሱም በተራው ጮኸ። ስለ እሷ ብሎ እንደሆነ፣ ሁልጊዜም ስለ እሷ ብሎ እንደሆነ፣ ምስጋና እንደሌላቸው፣ ቤቱ ሁሉ ጠላት እንደሆነበት ተናገረ። ወጥቶ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ፤ ደንበኛ ቢመጣ "ዝግ ነው" አለው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ።

ብዙ ቀን እንዲህ ሆኑ። እሱ የድልድዩን፣ የዕቃ ተራውን ካርቶን ይዞ ይገባል፤ እሷ እሱ ሲገባ ዓይኗን ትጨፍናለች። ያቺ ፎቶ ለማየት የምትኖር ሴትዮ፣ ቀኑን ሙሉ ግንቡንና የመብራት ሽቦውን እያየች ዋለች። ሚስትየዋ ያን የተበላሸ ካርቶን በውሃ ነክራ፣ ፎቶዎቹን በቢላ ጫፍ አላቃ፣ አለዋውጣ መልሳ ለጠፈችው። ከእሱ የተማረችው ነው። ለጥፋ መመልከቻው ውስጥ ከተተችና የእትዬ ኮመዲኖ ላይ አስቀመጠችው። እትዬ አልነካችውም። እንግዲህ ይሄ ቤተሰብ ግትርነት ከየት እንደሚያመጣ እናንተ ፍረዱ።

በመጨረሻ የተሸነፈው እሱ ነው። አንድ ጠዋት ጫማውን አሰረና ሚስቱን "ነይ እንሂድ፤ ይሄን ሐኪም ተብዬ እንስማው" አላት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ የምትናገረው ቀስ ብላ፣ የምትጽፈው ፈጥና ነው። "ግራ ዓይንዎ ከመቼ ጀምሮ ነው ማየት ያቆመው?" ብላ ጠየቀችው።

"ቀኜ በጣም ጥሩ ነው" አላት። በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች።

ሐኪሟ አልሳቀችም። አንድ ጎድጓዳ ነጭ መሣሪያ ፊት አስቀመጠችው፣ አገጩን አስደገፈችው፣ ግራ ዓይኑን ሸፈነችው። ብርሃን ባየ ቁጥር የያዘውን ቁልፍ እንዲጫን ነገረችው። እሱ እየጠበቀ፣ አልፎ አልፎ እየተጫነ፣ "ይሄ መሣሪያሽ አይሠራም እንዴ? መብራቱ የት አለ?" ይላል። ሚስቱ ከጎን ቆማ ታያለች፤ መብራቶቹ በዙሪያው ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ እሱ ግን ዝም። መሃል ላይ ሲመጡ ብቻ ይጫናል።

"በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ነው" አለች ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ። "ግራው አይመለስም። ቀኙም ተነክቷል። ይኸው፤ ይሄ ሁሉ ጥቁር እርስዎ የማያዩት ነው። ከጠርዝ ተነስቶ ወደ መሃል ይመጣል። መሃሉ ገና ደህና ስለሆነ ሰው አይታወቀውም።"

ግቡበት ወረቀቱን ቀምቶ አየው። ዙሪያውን ጥቁር ነው፤ መሃል ላይ ነጭ ቀዳዳ። ዕድሜውን ሙሉ ሲሰድበው የኖረው ነገር የገዛ ዓይኑ ውስጥ ተገጥሞለት አየ።

"ፍሬም ነው" አለ። ሚስቱ ቀና ብላ አላየችውም።

"ምን አሉ?" አለች ሐኪሟ።

"ፍሬም ነው ይሄ! ማን ነው ያስገባብኝ? ማን ፈቀደ?" ብድግ አለ፤ ወንበሩ ወደቀ። "እኔ እኮ ሁሉን ነው የማየው! ጥግ ጥጉን ነው የማየው! እኔን ብሎ ፍሬም!"

ሐኪሟ እስኪጨርስ ጠበቀች። "ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ግራውንም እናድነው ነበር" አለች፤ ይህን ለመናገር ድምፅዋን አላለዘበችም። "ይሄን ጠብታ ጠዋትና ማታ፣ ሳያቋርጡ፣ እስከ ዕድሜዎ መጨረሻ። ካደረጉ ያለዎትን ይዘው ይኖራሉ። ካላደረጉ ይሄ ነጩም ይዘጋል።"

መንገድ ላይ ግቡበት በቀኝ በኩል እየሄደች የነበረችውን ሚስቱን ክንዷን ጨምድዶ ያዛት። "ለእትዬ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ፣ አንቺና እኔ አበቃን።" እሷ መድኃኒቱን በቦርሳዋ እንደያዘች መንገዷን ቀጠለች።

ቤት ሲደርሱ እትዬ ቀና ብላ ትራሷን ተደግፋ ትጠብቃለች። "እህስ?"

ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሻት። "ምንም አይደለም አለች። ግራው ደከም ብሏል፤ ቀኙ የጎረምሳ ዓይን ነው አለች። ደርሼ መጣሁልሽ፤ በቃ ፎቶሽን እዪ።"

እትዬ ፊቱን አጠናችው። ማመን ፈልጋ ነበር መሰለኝ፤ አመነችው። ኮመዲኖው ላይ ያለውን መመልከቻ አንስታ ዓይኗ ላይ አደረገች። ወዲያው ትንፋሿ ቆመ። ገባች።

ጣቶቿ ብቻ ብርድ ልብሱ ላይ ጨርቅ እንደሚገፉ ይንቀሳቀሳሉ። ድንገት "ጠረጴዛዬ ላይ ሳጥን ቆልለውበታል!" ብላ ጮኸች። "ባለጌዎች! ሥርዓት የሌላቸው! እኔ ብኖር አንዲት ሳጥን ታድር ነበር?" እየተሳደበች ትስቃለች፣ እየሳቀች እንባዋ በመመልከቻው ስር ይወርዳል። "ያቺ ከመስኮቱ አጠገብ ያለችው አሁንም ጎብጣ ነው የምትሰፋው፤ ስንቴ ቀና በይ ብያታለሁ! መቀሱንም እዚያው ሚስማር ላይ ነው የሚሰቅሉት። ሁሉም አለ። ወንድሜ፣ ሁሉም እኮ አለ!" መመልከቻውን ነቅላ ዘረጋችለት። "ና፤ አንተም ግባ። አብረን እንግባ።"

ተቀበላት። ዓይኑ ላይ አደረገው። አንድ ጠፍጣፋ ወረቀት፣ ዙሪያው የጠቆረ፣ ፊቱ ላይ ተገተረ።

"አያምርም?" አለች።

"በጣም" አለ። "በጣም ነው የሚያምረው። ጥልቀቱ..."

"ውሸት ነው!" ሚስትየዋ ከበሩ ጮኸች። ቦርሳዋን መሬት ላይ ወረወረችው። "ውሸት ነው፣ እትዬ! ምንም አያይም! ግራው ሞቷል፣ ቀኙም እየተዘጋ ነው። ከዳር ዳር እየበላው ነው፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። መድኃኒት ካልተደረገለት ይታወራል። እሱ ግን ለእትዬ እንዳትነግሪ ብሎ... አበቃን ካለም እናብቃ! ዕውር ባል ይዤ ከምኖር ፈት ብሆን ይሻለኛል!"

ግቡበት መመልከቻውን ከዓይኑ ሳያነሳ ቆመ፤ እዚያ ውስጥ የሚደበቅበት ጥግ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

"ዝቅ በል" አለች እትዬ።

"እትዬ..."

"ዝቅ በል አልኩህ።"

መመልከቻውን አስቀምጦ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። በጥፊ መታችው፤ የሰፊ እጅ፣ ያላትን ጉልበት ሁሉ ሰብስባ፣ በግራ ጉንጩ። ድምፁ ግድግዳውን መታ። እሱ ግን እጇ ሲመጣ አላየውም። አልሸሸም፣ ሽፋሽፍቱ እንኳ አልተርገበገበም፤ እየመጣ ያለ እጅ ፊት ዓይኑን እንደፈጠጠ ቆየ። ይህን ያየችው እትዬ ናት። የመታችበት እጅ ጉንጩ ላይ ቀረ፤ እሷም እንደ ሕፃን ጮኻ አለቀሰች።

"ከእንግዲህ ማን ያስገባሻል?" አላት፤ ድምፁ ተሰብሮ። "እሱን ፈርቼ ነው እኮ የደበቅኩሽ። ማን ያስገባሻል?"

"እኔ ሁለት ዓይን አለኝ" አለች ሚስትየዋ፣ አሁንም በቁጣ፣ አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች። "አንተ ታነሳለህ፣ እኔ እለጥፋለሁ፤ ፍሬም ሠሪ ምን ያውቃል ትል የለ! ይሄን ማን አለዋውጦ የለጠፈው መሰለህ?" ቦርሳዋን አንስታ ጠብታውን አወጣች። ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እትዬ ዘረጋችው። "ለእኔ አይተኛልኝም፤ ለእርስዎ ግን ይተኛል።"

እትዬ እንባዋን ጠረገችና ተቀበለቻት። "ራስህን እዚህ አድርግ" አለችው ጭኗን እያሳየች።

"እኔ ሕፃን አይደለሁም።"

"አድርግ!"

ጭንቅላቱን አስደገፈ። የቀኝ ዓይኑን ቆብ በሁለት ጣቷ ከፈተች፤ እጇ ቀጥ ያለ ነው። ጠብታው ሲወርድ ዓይኑ ነደደና ቤቱን በስድብ ሞላው፤ ሐኪሟን ሰደበ፣ መድኃኒት ሠሪዎቹን ሰደበ፣ የወደቀበትን ዕድል ሰደበ። እትዬ አላቋረጠችውም። ሲደክመው ዓይኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

"ማታ ትመጣለህ" አለችው።

"እናያለን።"

"ማታ ትመጣለህ። ነገ ጠዋትም ትመጣለህ። እኔ እስክሞት ጠዋትና ማታ ትመጣለህ።"

"እመጣለሁ አልኩ እኮ!" ብሎ ጮኸ፤ አላለም ነበር እንጂ።